የጥቁርፊቶቹ አውራ

እትዬ ሚዛን ይሏታል። ስሟ ሌላ ነው፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ግን መታወቂያዋ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሚዛን የተባለችው በእጇ ነው። አንድ በግ ወገብ ላይ እጇን ጣል ካደረገች ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ ምን ሲበላ እንደከረመ፣ እናቱ ወተት የነበራት ትሁን ያልነበራት ቁጭ አድርጋ ትነግርሃለች። ተሳስታ አታውቅም አልልም። ተሳሳትኩ ስትል የሰማት ግን የለም።

የምታረባው ጥቁርፊት የሚባሉትን በጎች ነው። ገላቸው እንዳለ ነጭ፣ ከጆሯቸው እስከ አፍንጫቸው ጥቁር፣ አራቱም እግራቸው እስከ ጉልበት ድረስ ጥቁር። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ሲያረባቸው ኖሮ ለእሷና ለታናሽ ወንድሟ ትቶላቸው ሞተ። ድሮ ጥቁርፊት የሚያረቡ ሰባት ቤተሰቦች ነበሩ። አንዱ ሲሞት ልጆቹ መንጋውን ለሥጋ ሸጡት፣ ሌላው ከባዕድ ዘር ጋር አዳቀላቸው፣ ሌላው ደግሞ ሰለቸውና ተወው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘሩ በሙሉ ተጠራርጎ እሷ ጉረኖ ውስጥ ቀረ። አሥራ ስድስት እናት በጎችና አንድ ሽማግሌ አውራ፣ በቃ። ያ ሽማግሌ አውራ ደግሞ ባለፈው ክረምት ሳንባውን ታሞ ሞተ። ሲሞት የተዋቸው ሁለት ወንድ ጠቦቶች ነበሩ፤ የጥቁርፊት ዘር ይቀጥል እንደሆነ የሚቀጥለው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

አንደኛው ጠቦት ከተወለደ ጀምሮ ጌታ ነበር። ደረቱ ሰፊ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ፊቱ ጥቁር ሐር። እሷም ጌታው አለችው። ሁለተኛው ጠንካራና ተንኮለኛ ነው፤ በር ይከፍታል፣ የሰው ኪስ ይበረብራል። አንድ ጉድ ግን አለበት፦ የግራ ኋላ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ነጭ ነው። ወንድሟ ገና ሲያየው ሳቀና ባለካልሲው ብሎ ስም አወጣለት። እሷ አልሳቀችም።

የእርባታ ማኅበሩ ደንብ ነጭ እግር ያለው አውራ አይመዘግብም። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ያልተመዘገበ አውራ ሳይኮላሽ የቆመበት መንጋ ከነጭራሹ ከመዝገብ ይሰረዛል ይላል ደንቡ። አባቷ ደግሞ ደንቡ ሳይጻፍ በፊትም እንዲህ ያለውን ጠቦት ስድስት ወር አያሻግረውም ነበር።

«እታለም፣ ይሄን ግን እንተወው» አላት ወንድሟ ጠቦቶቹ አምስት ወር ሲሞላቸው። «ሁለት ብቻ ናቸው እኮ።»

«እግሩ ነጭ ነው።»

«ይሁና! ምን፣ ሊጽፍበት ነው?»

«አባባ ቢኖር አንድ ቀን አያሳድረውም ነበር።»

«አባባ ሲኖር አውራ ሞልቶ ተርፎ ነበራ።»

ያለው እውነት ነው። እውነት ስለሆነም ደሟ ፈላ። እሱ ግን ያን ቀን እንደ ልማዱ ዝም አላለም። ማኅበሩ እኮ ለቸገረው ሰው የአንድ ዓመት ፈቃድ ይሰጣል፣ አንድ ማመልከቻ ነው፣ ከፈለግሽ እኔ እጽፈዋለሁ፣ አንቺ ፈርሚበት ብቻ አላት።

«እኔ?» አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «እኔ ሄጄ ነጭ እግር ያለው አውራ ይፈቀድልኝ ብዬ ልለምን? ያ ሁሉ ሰው በር ላይ ቆሞ ሊስቅብኝ? ሞቼ ነው! ነገ ጠዋት አኮላሸው።»

በነጋታው ወንድሟ የማኮላሻውን ጉጠት ይዞ ጠቦቱን ከጉረኖው ጀርባ ወሰደው። ጉጠቱ ደም አያፈስም፤ ከቆዳው ሥር ያለውን ጅማት ጨምቆ ይበጥሳል፣ ከውጭ ሲታይ ምንም የተነካ አይመስልም። እሷ የእናቶቹን ሰኮና እየከረከመች ነበር። ቆይቶ ተመለሰና እጁን እየታጠበ «አልቋል» አላት። «እሺ» አለችው፤ ቀና ብላም አላየችውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት የጌታው ዓመት ነበር። ኧረ ምን ጌታው ብቻ፣ ንጉሥ በሉት! የብሎኬት ክፍል ለብቻው ተሰጠው። ብርድ እንዳይነካው መስኮቱ በላስቲክ ተደፈነ፣ ሱፉ እንዳይቆሽሽ ወፍራም የሸራ ልብስ ተሰፋለትና ቀን ከሌት ለብሶት ዋለ። ፉርሽካ በፋጉሎ፣ በቆሎ በሞላሰስ፤ እሷ ራሷ ምሳዋን ሳትበላ የሱን ገንዳ ትሞላለች። ወገቡ ላይ እጇን በየቀኑ እያሳረፈች ታዳምጠዋለች ማለት ይቻላል። «ዛሬ ጨምሯል» ትላለች፤ ደግሞም ጨምሯል።

ወንድሟ አንዴ ብቻ ነገሩን አነሳ። አውራው ደርሷል፣ እናቶቹም ስሪያ ፈልገው አጥር እየገፉ ነው፣ ለምን አንቀላቅለውም አላት።

«ከትርኢቱ በኋላ።»

«እናቶቹ እያረጁ ነው፣ እታለም።»

«አውራ ሥራ ከጀመረ ይከሳል። አጥንቱ የወጣ አውራ ይዤ ዳኛ ፊት ልቁም? ከትርኢቱ በኋላ አልኩህ።»

ትርኢቱ የሚደረገው በየዓመቱ በአንድ ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ይነሰነሳል፣ በብረት አጥር መቶ ትንንሽ ክፍል ይሠራል። የማይመጣ የበግ ዓይነት የለም። ሱፋቸው መሬት የሚጠርግ አሉ፣ ባለቤታቸው በማበጠሪያ እየተከተለች ታነሳላቸዋለች። ቀንዳቸው ሁለት ዙር የተጠመዘዘ አሉ። ሱፍ የሚባል የሌላቸው፣ አጭር ጸጉርና ሰፊ ላት ያላቸው ቡናማዎች አሉ። ለወተት የሚረቡት ደግሞ ጆሯቸው ረጅም፣ ፊታቸው የተቆጣ መምህር ይመስላል። እትዬ ሚዛን ጌታውን ከመኪና አውርዳ የሸራ ልብሱን ስታወልቅለት በዙሪያው ያሉት ሥራቸውን አቁመው አዩት።

ቡናማዎቹን የሚያረባው ባለወፍጮ አጥሩ ላይ ተደግፎ «እትዬ ሚዛን፣ ምነው ሙሽራ ይዘሽ መጣሽ? እኛ የበግ ትርኢት መስሎን!» አላት።

«የአንተን ወዲያ አርቃቸው፤ ከሱ ጎን ሲቆሙ ይሸማቀቃሉ» አለችው። ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ስትስቅ ማየት ብርቅ ነው።

ዳኛው ነጭ ጋውን የለበሰ ከሲታ ሰው ነበር። የጌታውን ጥርስ አየ፣ ሰኮናውን አነሳ፣ ሱፉን በጣቱ ከፈል አድርጎ እስከ ቆዳው ተመለከተ። እጁን ከሆዱ ሥር ሰደደና የቆለጡን ሙላት መዘነ፤ ትልቅ ነው፣ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ መዳፉን ወገቡ ላይ አሳርፎ ቆየ። እትዬ ሚዛን ያን እጅ ታውቀዋለች፣ የራሷ እጅ እዚያ ቦታ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሰማት ታውቃለች። ዳኛው ድምፅ ማጉያውን አንስቶ «በሃያ ዓመት ዳኝነቴ እንዲህ ያለ ጥቁርፊት አልነካሁም» አለ። ወርቃማውን ሪባን አንገቱ ላይ ሲያስሩለት አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እሷ የጌታውን አንገት አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አባቷ ይህን አንድ ቀን ሳያይ መሞቱ አንጀቷን በላው። ወንድሟ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር፤ ከልቡ ነው ያጨበጨበው፤ እሱም የአባቱ ልጅ ነዋ።

በማግሥቱ ጌታው ከእናቶቹ ጋር ተቀላቀለ። ይህ ሥራ የራሱ ወግ አለው። የአውራው ደረት ላይ ቀይ ቀለም በዘይት ተለውሶ ይቀባል፤ እናቲቱ ላይ ሲወጣ ታፋዋ ላይ ቀይ ይተዋል፣ ማን እንደተጠቃች በዚያ ይታወቃል። አሥራ ሰባት ቀን ሲሞላ ቀለሙ በሰማያዊ ይተካል። ያረገዘች በግ ዳግም አውራ አታስጠጋምና ሰማያዊ አይነካትም። ያላረገዘችዋ ግን ትመለሳለች፣ በቀዩ ላይ ሰማያዊ ትደርባለች።

ጌታው መጀመሪያ ላይ ከውፍረቱ የተነሳ አለከለከ። ቀስ በቀስ ግን ሥራውን ያዘ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን አሥራ ስድስቱም ታፋቸው ቀይ ነበር። እትዬ ሚዛን በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ እያየች «ጎበዝ፣ ጎበዝ የኔ ጌታ» ስትል ዋለች። ማታ እራት ላይ ለወንድሟ ስለሚወለዱት ግልገሎች አወራችው። ሴቶቹን በሙሉ አስቀራለሁ አለችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሰማያዊው በተቀባ በሦስተኛው ቀን አንዷ ሰማያዊ ሆነች።

«ይቺ አርጅታለች» አለች እትዬ ሚዛን።

በሳምንቱ አምስት ሆኑ። ሙቀቱ ነው አለች። ከዚያ ዘጠኝ፣ ከዚያ አሥራ ሁለት። ከአሥራ ሁለቱ በኋላ ምክንያት መስጠት ተወች። ጠዋት ጠዋት ጉረኖው በር ላይ ሁለቱም ቆመው ሰማያዊዎቹን ይቆጥራሉ። የመጨረሻዋ በግ፣ ያቺ የሁሉም ታናሽ፣ በሰማያዊ ታፋ ስትወጣ ወንድሟ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። እሷ ግን በዚያው እንደቆመች «ሐኪሟን ጥራልኝ» አለችው።

የእንስሳት ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ማይክሮስኮፗን ከመኪናዋ አውርዳ የመኖ በርሜል ክዳን ላይ አስቀመጠችው። ከጌታው የወሰደችውን የዘር ጠብታ መስታወት ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። አስተካከለች፣ እንደገና አየች። ሌላ ጠብታ አደረገችና ደግማ አየች።

«እስኪ እኔ ልየው» አለች እትዬ ሚዛን። አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። «እኔ እንጃ ልጄ፣ ምንም አይታየኝም።»

«እኔም እትዬ» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «መታየት የነበረበት ነው የሌለው። ሲርመሰመስ ማየት ነበረብን።»

ከዚያ የጠየቀችው ሁሉ ልክ ነበር። ልብሱን ስንት ወር ለበሰ? ክፍሉ ይሞቃል? ምን ያህል እህል ይበላ ነበር? እትዬ ሚዛን እየመለሰች ስትሄድ ድምጿ አነሰ። ሐኪሟ ከቆለጡ በላይ ያለውን ቦታ በጣቶቿ ይዛ አሳየቻት። ዳኛው ሙላት ብሎ የወደደው ስብ ነው፤ ስቡ ሙቀት ይዟል፣ በዚያ ላይ ሸራው፣ በዚያ ላይ የተደፈነው መስኮት። ምናልባት ከተፈጥሮውም ሊሆን ይችላል፣ አሁን ይህ ነው ብዬ መማል አልችልም አለች። እህሉን ቀንሱ፣ ሱፉን ሸልቱት፣ ጥላ ሥር ይዋል፣ ሁለት ወር ቆይቼ እመለሳለሁ። ከዚያ ዕቃዋን እየሰበሰበች «የአባቱን ዘር አስወስደው አስቀምጠው ነበር? በቅዝቃዜ የሚቀመጠውን?» ብላ ጠየቀች።

«አላስቀመጥንም።»

«እሺ» አለች ሐኪሟ፤ ማይክሮስኮፗን አንስታ ወደ መኪናዋ ሄደች።

በሁለት ወሩ ተመልሳ መጣች። ጌታው ተሸልቷል፣ ከስቷል፣ እዚያ ግባ የማይባል ተራ በግ መስሏል። ሐኪሟ ሦስት መስታወት አየች። ቆለጡ እየጠነከረና እየሟሸሸ ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚመለስ አይመስለኝም አለች። አዝናለሁ እትዬ አለች፤ ማዘኗም ከፊቷ ይታይ ነበር። መኪናዋ ከግቢው እስክትወጣ እትዬ ሚዛን ቆማ ሸኘቻት። ከዚያ የመኖው ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

እዚያ ተቀምጣ ነው ያ ሐሳብ የመጣላት። ምን ማለት ነው አልቋል? ወንድሟን ታውቀዋለች እኮ! ልጅ ሆኖ አባታቸው ይታረድ ያለውን ደካማ ግልገል ማገዶ ቤት ይደብቅ የነበረ ሰው ነው። ትልቅ ሰው ሆኖም አልተወውም። ይሸጡ ያለቻቸውን ሁለት አሮጌ በጎች ገዢ ቀረ እያለ ስንት ወር አቆያቸው? እያወቀች ስንቱን ዝም ብላ አለፈች! ባለካልሲውን የሚያህል፣ ራሱ ስም ያወጣለትን፣ እንተወው ብሎ የለመናትን ጠቦት ጉጠት ጨክኖ ያሳርፍበታል? አያሳርፍም። ዋሽቷታል። ሰይጣን፣ ዋሽቷታል! ብድግ አለች። በሕይወቷ ሙሉ ሰው ትእዛዟን ጥሶ በሆነ ብላ ስትመኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ባለካልሲው ሜዳው ጫፍ ላይ ይግጥ ነበር። ሰው ሲያይ ኪስ ሊበረብር ሮጦ መጣ። ወፍሯል፣ አምሮበታል። እትዬ ሚዛን ጉልበቷ ሥር ያዘችውና እጇን ከሆዱ ሥር ሰደደች።

ያ እጅ አይሳሳትም። ያገኘው ሁለት ደረቅ ሽምብራ የሚያህል ነገር ነው። እንደገና ዳሰሰች። እጇን አወጣች፣ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ዳሰሰች። አንዳንዱ ዘግይቶ ነው የሚሞላው አለች ለራሷ። እንዲህ የሚል ጀማሪ ቢያጋጥማት በሳቅ ትገድለው ነበር።

ወንድሟን አጥር ሲጠግን አገኘችው። ሽቦውን ሲያጠብቅ እጁ ላይ የነበረውን ፒንሳ አየችና ዓይኗን ወዲያው አነሳች።

«አንተ» አለችው። «ባለካልሲውን ያን ቀን ምን አደረግከው?»

«ምን አደረግከው ማለት?»

«እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣም። በአባባ ይዤሃለሁ፣ አልቆጣም። አልጨመቅከውም አይደል? ወይ አንዱን ብቻ ነው የጨመቅከው። ንገረኝ።»

ወንድሟ አያት። ምን እንደምትለምነው ሲገባው ፒንሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ልተወው ነበር» አላት። «ከጉረኖው ጀርባ ይዤው ብዙ ቆምኩ። ልቤ አልቆረጠም። ዋሽቼ አልቋል ልልሽ ነበር። በኋላ ደግሞ አንቺ መጥተሽ በእጅሽ ብትነኪውስ አልኩ። የአንቺን እጅ ማን ያታልለዋል?»

«እና?»

«እና ሁለት ሁለት ጊዜ ጨመቅኩት። በግራም በቀኝም። አንዱ ቢስት ታገኚብኛለሽ ብዬ።»

እትዬ ሚዛን የአጥሩን ምሰሶ ያዘች። 

«አልነካሁትም እኮ» አለች። «አልቋል ስትለኝ አምኜህ… አንድ ቀን እንኳ አልነካሁትም።»

«አውቃለሁ። ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩሽ። ነገ ትፈትሸኛለች፣ ነገ ትፈትሸኛለች ስል። አልመጣሽም።» ዓይኑን ወደ ሽቦው መለሰ። «ስንት ነገር ስዋሽሽ ኖሬ፣ እታለም፣ ይሄኛውን ፈራሁሽ።»

ልትቆጣው ፈለገች፣ ቁጣው ከየት ይምጣ። ልታቅፈው ፈለገች፣ እንዲያ ለምደው አያውቁም። ሽቦው በመሃላቸው ተንጠልጥሎ ቆሙ። በሜዳው ላይ አሥራ ስድስቱ እናቶች አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ፤ በታፋቸው ላይ ያለው ቀለም በዝናብ ታጥቦ ሊለቅ ትንሽ ነው የቀረው። ከዚህ በኋላ ከእነሱ የሚወለድ ጥቁርፊት የለም። እነሱ አርጅተው አንድ በአንድ ሲሞቱ ማየት ነው የቀራት፣ ያም ዕድሜ ከሰጣት።

ወንድሟ በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠርጎ «ምን እናድርጋቸው?» ብሎ ጠየቃት። እንደ ልማዱ ትእዛዟን ሊጠብቅ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኔን አትጠይቀኝ» አለችው። «ከእንግዲህ እኔን ምንም አትጠይቀኝ።»